ልጄ ከሃንጋሪ ቪየና ደርሳ ለመመለስ ቪዛ ያስፈልጋታል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ ነው። ልጄ ሃንጋሪ አገር ሴገድ በምትባል ከተማ በስኮላርሺፕ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለፈረንጆቹ ፋሲካ ትምህርት ስለሚዘጋ ከጓደኞቿ ጋር ለአራት ቀን ቪየናን አይታ መምጣት አምሯታል። ጓደኞቿ ደግሞ ቤልግሬድ ይቀርበናል እያሏት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ‹ያለ ሼንገን ቪዛ ከሃንጋሪ ከወጣች ተመልሳ አትገባም፣ ስኮላርሺፑም ይሰረዛል፤ ቪዛውን እኔ ላስጨርስላት› ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። የመኖሪያ ካርዷ የሚያበቃው ሚያዝያ 30 ነው። ጉዞው መጋቢት 24 ይጀምራል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ከሄደች አይቀር እዚያው ሥራ ፈልጋ ትቅር ይላል። ምን ልበላት?»

ምላሽ (ከደብረ ብርሃን፣ የውጭ ትምህርትና የጉዞ ሰነድ አማካሪ)፦

ለሰውዬው ገንዘብ አይስጡ። ሌላውን ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ ይህኛው ግን ሳያድር ማወቅ ያለብዎት ነው። ልጅዎ ቪየና ለመሄድ ቪዛ አያስፈልጋትም። ቢያስፈልጋት ኖሮ እንኳ የምታመለክተው ራሷ፣ እዚያው በምትኖርበት አገር ሆና ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስሟ የሚያስጨርስላት ሰው የለም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ልጅዎ ከአገር ስትወጣ ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ እርስዎም አይተውት ይሆናል። ያ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ነው። ሃንጋሪ ገብታ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷን እስክታወጣ ቢበዛ 30 ቀን ያቆያታል። ከዚያ በኋላ ሥራው አልቋል። አሁን ፓስፖርቷን የገለጠ ሰው «ቪዛዋ ካለፈ ቆይቷል» ቢል አልዋሸም። ልጅዎ የምትኖረው ግን በቪዛው ሳይሆን በካርዱ ነው። ካርዱ የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ፎቶዋም ቺፕም አለው። በሃንጋሪኛ «ታርቶዝኮዳሺ ኤንጌዴይ» ይላል፣ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። (ቋንቋው እንዲህ ነው። ልጅዎ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ገዝታ መመለሷ በራሱ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት።)

ሼንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ያነሱበት ስምምነት ነው። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በስምምነቱ ውስጥ ነች። ቪየና ያለችባት ኦስትሪያ ከእሷ 10 ዓመት ቀድማ ገብታለች። ዛሬ በስምምነቱ ውስጥ ያሉት አገሮች 29 ናቸው። አንዱ የሰጠው መኖሪያ ፈቃድ፣ ፓስፖርት አብሮት ካለ፣ በቀሩት 28 አገሮች ለአጭር ጉብኝት ያስገባል። ልኩ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ለየአገሩ 90 ቀን ማለት አይደለም፤ ከሃንጋሪ ውጭ ያሉት ሁሉ ተደምረው ነው። ለአራት ቀን ጉዞ ይህ ሂሳብ አያስጨንቅም። ዘመድዎ ያነሱት ነገር ስላለ ግን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ሼንገን ውስጥ ድንበር የለም» የሚባለውን ቃል በቃል የያዘ ተማሪ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ስደተኛ በብዛት በገባ ጊዜ ከሃንጋሪ በሚመጣው መንገድ ላይ ጊዜያዊ ነው ያለችውን ቁጥጥር አቆመች። ጊዜያዊው እየታደሰ እየታደሰ ዛሬም አለ። እዚያው ሃንጋሪ ስማር፣ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የቪየና ባቡር ተሳፈርኩ። ፓስፖርቴን እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ዶርም መሳቢያ ውስጥ ቆልፌው ነበር። ሄጌሽሃሎም የምትባለውን የድንበር ጣቢያ እንዳለፍን ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ልክ እኛ አገር ኬላ ላይ አውቶቡስ ቆሞ «መታወቂያ!» እንደሚባለው ነው። ካርዴን ሰጠሁ። አንደኛው አገላብጦ አየውና «ፓስፖርትስ?» አለኝ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየሁት። ስልኩን እንኳ በእጁ አልተቀበለኝም። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ፣ ብርድ ላይ ቆሜ የሚመለሰውን ባቡር ጠበቅኩ፣ ቡዳፔስት ስገባ መሽቷል። የሆስቴሉም ገንዘብ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነው። ካርድ ያለ ፓስፖርት ግማሽ ሰነድ ነው። ፎቶና ኮፒ የሚጠቅመው ዋናው ሲጠፋ ለማመልከት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሁለቱንም ዋናውን ትያዝ። በሻንጣ ሳይሆን በሰውነቷ ላይ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ቪዛው ሳይሆን «ሚያዝያ 30» የምትለዋ ቃል ናት። ልጅዎ በስልክ የነገረችዎት «ኤፕሪል 30» ሳይሆን አይቀርም። ኤፕሪልን ሚያዝያ ብሎ መተርጎም የሁላችንም ልማድ ነው። የእኛ ሚያዝያ የሚብተው ግን ኤፕሪል 9 ነው። ስለዚህ ኤፕሪል 30፣ 2026 ማለት ሚያዝያ 22፣ 2018 ነው። ሚያዝያ 30 ካሉ ሜይ 8 ደርሰዋል። ስምንት ቀን ተሳስተናል ማለት ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በግ ሻጭና ገዢ ለስምንት ቀን ቀጠሮ አይጣሉም። የድንበር ፖሊስ ግን ለአንድ ቀንም ይጣላል። በሥራዬ ካየኋቸው ችግሮች ውስጥ ከደላላም ከሐሰተኛ ወረቀትም በላይ የሚደጋገመው ይኸው የቀን መቁጠሪያ ስህተት ነው። ቤተሰብ በእኛ ቆጥሮ ይመክራል፣ ልጅ በእነሱ ቆጥራ ትሰማለች። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው።

ቀኑ ኤፕሪል 30 ከሆነ ሌላ ነገር ይከተላል። ሃንጋሪ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያ ማመልከቻ ካርዱ ከማብቃቱ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ከኤፕሪል 30 ወደ ኋላ 30 ቀን ሲቆጥሩ ማርች 31 ላይ ያርፋሉ። በእኛ መጋቢት 22 ነው። ጉዞው የሚጀምረው መጋቢት 24። አዩት? ልጅዎ ሻንጣ የምታዘጋጅበት ሳምንትና ማመልከቻዋ የሚዘጋበት ሳምንት አንድ ነው። ተማሪ ደግሞ የምናውቀው ነው፤ የሚያስደስተውን አስቀድሞ የሚያሰለቸውን ለነገ ያሳድራል። ማመልከቻው የሚገባው «ኤንተር ሃንጋሪ» በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የስኮላርሺፑ ማስረጃ፣ የዶርም ወይም የኪራይ ውል፣ የጤና መድን ማስረጃና ፓስፖርት ያስፈልጋል። ወረቀቶቹ ከባድ አይደሉም። የሚያዘገየው ማኅተምና ፊርማ የሚሰጠው ሰው ዕረፍት ላይ መሆኑ ነው። ሃንጋሪዎች የስቅለትን ዓርብ በዓል አድርገው ይዘጋሉ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ቢሮ ሰው ይሳሳል። አሁን የካቲት ነው። ዛሬ ብትጀምር ሰፊ ጊዜ አላት።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ልንገርዎት። ማመልከቻውን አስገብታ አዲሱ ካርድ ሳይደርስላት አሮጌው ቢያልፍበት አትባረርም። ጊዜያዊ የመቆያ ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣታል። በዚያ ወረቀት ትማራለች፣ ትኖራለች፣ ማንም አይነካትም። ከሃንጋሪ ግን አትወጣበትም። ወረቀቱ የሚሠራው ሃንጋሪ ውስጥ ብቻ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት «ሕጋዊ ነኝ እኮ» በሚለው ነው። ሕጋዊ ነች፤ ቪየና ላይ ግን ያ ወረቀት ምንም አይደለም። ስለዚህ የልጅዎ ጉዞ የሚሆነው አሮጌው ካርድ በሕይወት እያለ ብቻ ነው። መጋቢት 24 ካርዱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት በደንብ ይወድቃል። ጓደኞቿ «አሁን ውድ ነው፣ ለግንቦት እናድርገው» ቢሏት ግን እሺ እንዳትል። በግንቦት እጇ ላይ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሰርቢያ ዋና ከተማ፣ ወደ ቤልግሬድ እንምጣ። ጓደኞቿ አልተሳሳቱም፣ ሴገድ ከሰርቢያ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ሰርቢያ የሼንገን አባል አይደለችም፤ ሆኖም የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ በእጁ ያለውን ሰው ያለ ቪዛ ታስገባለች፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ስለዚህ ልጅዎ ብትሄድ ሕግ አልጣሰችም። የእኔ ምክር ግን በዚህ ጉዞ አትሂድ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው። ቪየና ቦርሳዋ ቢሰረቅ ልጅዎ ያለችው እዚያው ሼንገን ውስጥ ነው። ችግር ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለ፣ ማልቀስም አለ፤ ሆኖም መንገዱ አጭር ነው። ቤልግሬድ ካርዷ ቢሰረቅ ግን ከበሩ ውጭ ቆማለች። ተመልሳ ለመግባት ከሃንጋሪ ቆንስላ ወረቀት እስኪሰጣት ትጠብቃለች። ካርዱ ሊያበቃ አራት ሳምንት በቀረው ጊዜ፣ በበዓል፣ ቢሮ በተዘጋበት ሳምንት ይህን መሞከር አያስፈልግም። በዚያ ላይ ሮስኬ የሚባለው የድንበር መውጫ በበዓል ሰሞን የመኪናው ሰልፍ አያድርስ ነው። አዲሱ ካርድ ከወጣላት በኋላ በሰኔ ትሂድ። ቤልግሬድ የትም አትሄድም።

ቅርብ ነው የሚፈለገው ከሆነ ቲሚሾዋራ አለች። የሮማኒያ ከተማ ናት፣ ለሴገድ ቅርብ ናት፣ ቆንጆም ናት። የቆዩ ተማሪዎች «ለሮማኒያ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል» ሊሏት ይችላሉ። ያ ድሮ ነው። ሮማኒያና ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ በየብስም ሙሉ በሙሉ ሼንገን ውስጥ ገብተዋል። ስለ ዩክሬን አላነሳም፤ ጎረቤት ነች፣ ጦርነት ላይ ነች፣ አለቀ።

ሰውዬው ገንዘቡን ሲከለከል ሌላ ነገር ይዞ እንዳይመጣ አስቀድሜ ልንገርዎት። አውሮፓ ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ፣ በእኛ ጥቅምት 2፣ 2018፣ የውጭ ዜጎችን መግቢያና መውጫ በአሻራና በፊት ምስል የሚመዘግብ አዲስ ሥርዓት አስጀምራለች። «ልጅህ አልተመዘገበችም፣ ላስመዝግባት» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ምዝገባው ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ ጎብኚ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው አይመለከተውም። ደግሞም ድንበር ላይ የሚደረግ ነገር ነው እንጂ አስቀድሞ በደላላ የሚሸጥ አይደለም።

ስኮላርሺፑ ይሰረዛል ስለተባለው፦ ትምህርት በተዘጋበት ቀን አራት ቀን ጎረቤት አገር መሄድ ስኮላርሺፕ አያሰርዝም። የሚያሰርዘው ትምህርት ላይ አለመገኘት፣ ፈተና መውደቅ፣ ሳያሳውቁ ለረጅም ጊዜ መጥፋት ነው። ለማንኛውም ለዩኒቨርሲቲው የስኮላርሺፕ አስተባባሪ ሁለት መስመር ኢሜይል ትጻፍ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ቪየና ነኝ፣ በዚህ ቀን እመለሳለሁ። ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል አንድ ቀን ባልታሰበ ነገር ይጠቅማል።

ገንዘቡ ላይ ግን እውነቱን መነጋገር አለብን። በሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጠው የወር ገንዘብ 43,700 ፎሪንት ገደማ ነው። ወደ ዩሮ ሲመነዘር 110 አካባቢ ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ሴገድ ውስጥ ቆጥቦ መኖር ይቻላል፤ ዶርሙም አለ። ቪየና ግን ለፋሲካ ሦስት ሌሊት አልጋ ብቻ ሊውጠው ይችላል። ቆጥባ ከሆነ ትሂድ። ካልቆጠበች እርስዎ በግ ሸጠው አይላኩላት። በብር ሰብስበው ወደ ዩሮ ሲቀይሩት ምን ያህል እንደሚያንስ ያውቁታል። ለመዝናኛ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። አንድ መላ ልስጥዎት፤ ብራቲስላቫ ትደር። የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ናት፣ ከቪየና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ርቀቷ፣ በባቡር አንድ ሰዓት። አልጋም ምግብም ይረክሳል። ሁለቱም በዩሮ ስለሚሠሩ ገንዘብ ደጋግሞ መመንዘር የለም። ሁለት ዋና ከተማ በአንድ ጉዞ ታያለች።

የሃንጋሪው የጤና መድን ካርዷ ለሃንጋሪ ነው። ለእነዚህ አራት ቀናት የጉዞ መድን በኢንተርኔት ትግዛ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ቪየና ደረጃ ላይ ተንሸራታ እግሯ ቢሰበር የሚመጣውን ሂሳብ እርስዎም እኔም አንከፍለውም።

መንገዱ ቀላል ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ይጠመዘዛል። ከሴገድ የሚመጣው ባቡር ብዙውን ጊዜ ቡዳፔስት ኒዩጋቲ ጣቢያ ያወርዳል። የቪየናው የሚነሳው ግን ከኬለቲ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ይራራቃሉ። በሜትሮ ሦስተኛው መስመር እስከ ዴያክ አደባባይ፣ ከዚያ በሁለተኛው መስመር ኬለቲ። ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ትተው። ከዚያ ቪየና ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው። ትኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ በብዙ ይረክሳል፤ መቀመጫም አብራ ትያዝ፣ የበዓል ባቡር ላይ ቆሞ መሄድ የተለመደ ነው። ሆስቴሉን ስትይዝ ስሟን ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ትጻፍ። የእኛን የአባትና የአያት ስም ፈረንጆች የት እንደሚያስገቡት ስለሚቸግራቸው አንድ ቦታ «የአባት»፣ ሌላ ቦታ «የአያት» እየሆነ ይምታታል።

አንድ ነገር ደግሞ እናትዋ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። በ2018 የፈረንጆቹ ፋሲካና የእኛ ሆሳዕና በአንድ ቀን ነው የሚውሉት፣ መጋቢት 27፣ እሑድ። እነሱ በግ ሲበሉ ልጅዎ ሰሙነ ሕማማት ልትገባ ነው። ችግር የለውም። ቪየና ውስጥ የጾም ምግብ ሞልቷል፤ ናሽማርክት በሚባለው ገበያ ፋላፌሉ፣ ሁሙሱ፣ ወይራው ተደርድሮ ነው የሚቆየው። ገበያው እሑድ ዝግ ነው። ሱቆችም እሑድና በማግሥቱ ሰኞ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ዳቦና ፍራፍሬ ገዝታ ትያዝ። ውኃ ግን አትግዛ። የቪየና የቧንቧ ውኃ ከአልፕስ ተራራ ምንጭ የሚመጣ ነው፤ ቅዝቃዜውን ስትቀምስ የጓሳን ምንጭ ያስታውሳታል።

ምን ትይ? ይህንን ለእሷ እተወዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠቁም። የሾንብሩን ቤተ መንግሥት 1,441 ክፍሎች አሉት። ውስጡ በትኬት ነው፤ የአትክልት ሥፍራው ግን በነጻ ነው፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየትም እንዲሁ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መሃል ከተማ ላይ ነው፤ የደቡቡ ግንብ 136 ሜትር ይረዝማል። የተማሪ መታወቂያዋን ሳታሳይ የትም ትኬት አትቁረጥ። ቡናም ትጠጣ፣ አንድ ቀን ብቻ። ከስኒው አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንድ ስኒ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ ማንም አያስነሳትም። እኛ ጋ ሦስተኛው በረካ ሳይደርስ አይነሳም፣ እነሱ በአንዱ ስኒ ያንን ያህል ይቀመጣሉ።

ዘመድዎ ስላሉት «እዚያው ትቅር» ነገር፦ የሃንጋሪ የተማሪ ካርድ ኦስትሪያ ውስጥ የሥራ ፈቃድ አይደለም። አንድ ቀንም ቢሆን። 90 ቀን ያልኩት ለጉብኝት ነው። ሳህን አጥባ ብትያዝ የምታጣው ያንን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሃንጋሪው ፈቃድ፣ ስኮላርሺፑ፣ ወደፊት የምታመለክተው ቪዛ ሁሉ ይከተላል። ማራዘሚያዋ በሚታይበት በዚህ ወቅት ደግሞ የባሰ ነው። ዲግሪዋን ከጨረሰች በኋላ ኦስትሪያ መሥራት ከፈለገች ያ በራሱ መንገድ የሚታይ ጉዳይ ነው። ዘመድዎ በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ። ብዙ ቤት የሚባል ነገር ነው። ልጅዎ ጆሮ ግን እንዳይደርስ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ልጅዎ ማራዘሚያዋን እስከ መጋቢት 10 ድረስ ታስገባ፣ የገባበትን ማረጋገጫ አትማ ትያዝ። ይህ ሳይሆን ትኬት አትግዛ። ከዚያ ሐሙስ መጋቢት 24 ጠዋት ትነሳ፣ እሑድ መጋቢት 27 ትመለስ። ሰኞን ለመመለሻ አታድርገው፤ ያን ቀን ሁሉም ሰው ነው የሚመለሰው፣ ባቡር ቢያመልጣትም ማካካሻ ቀን የላትም። ቪየና ወይም ብራቲስላቫ ትደር፣ ቤልግሬድን ለሰኔ ታቆየው። ፓስፖርትና ካርድ አብረው ይሂዱ።

እርስዎ ደግሞ አንድ ሥራ አለዎት። የካርዷን ፊት ፎቶ አንስታ ትላክልዎት፤ የሚያበቃበትን ቀን በስልክ ሰምተው ሳይሆን በዓይንዎ ያንብቡት። 30፣ 04 እና 2026 የሚሉት ቁጥሮች ካሉ ከላይ የቆጠርኩት ሁሉ ይሠራል። ሌላ ቁጥር ካዩ ትኬት ሳይገዛ ጻፉልኝ፣ ቀኖቹን እንደገና እንቆጥራቸዋለን።